አባት ያልማለው መሐላ

ጋሽ ወልደሥላሴን አራዳ ውስጥ የማያውቃቸው ሰው ካለ፣ ወይ በቅርብ የመጣ ነው፣ ወይ ላዳ ተሳፍሮ አያውቅም። ከጊዮርጊስ በታች ዶሮ ማነቂያ ተወልደው፣ እዚያው አግብተው፣ እዚያው ሸበቱ። ዕድሜያቸውን የገፉት በሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነው። ቀስ ብለው ስለሚነዱ የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ዝግታ» ይሏቸው ነበር። ሙሽራ የሚያጅብ፣ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት የሚያደርስ፣ ለቀስተኛ የሚያመላልስ ሰው ግን ሌሎቹን ታክሲዎች አልፎ እሳቸውን ነበር የሚፈልገው። አንድ ጊዜ የቸኮለ ደላላ ተሳፍሮ፣

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና አራተኛ ማርሽ የላትም እንዴ?» ቢላቸው፣

«አላት። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ግን የጴጥሮስ ወጳውሎስ መቃብር ነው» አሉት ይባላል።

ልጃቸው ዕዝራ የመጣው ዘግይቶ ነው። ባለቤታቸው እትዬ አልጋነሽ ፅንስ እየጨነገፈባቸው ብዙ አልቅሰው፣ ተስፋ ከቆረጡ በኋላ በስለት ያገኙት አንድ ልጅ ነው። እሱ አልቅሶ ያልተሮጠበት፣ ጠይቆ ያልተሰጠው ቀን የለም። እግሩ ፔዳል መድረስ ሲጀምር አባቱ እሑድ እሑድ ጃንሜዳ አጠገብ እየወሰዱ መሪ አስያዙት። ገና በመጀመሪያው ቀን እጁ የተፈታ ነበር። ጋሽ ወልደሥላሴ በደስታ ቤት ገብተው «ይሄ ልጅ መወለድ የነበረበት መኪና ውስጥ ነው» ብለው ለሚስታቸው ነገሩ።

በኋላ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። የፊት ለፊቱን መኪና መብራት እንደ ጭጋግ ማየት ሲጀምሩ ማንም ሳይነግራቸው ላዳዋን አቆሙ፤ ሸጧትም። ዕዝራ ያን ጊዜ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ የሰው ሚኒባስ ይዞ ነበር። መስመሩ ከፒያሳ በራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ፣ ከዚያም መገናኛ ነው።

ዕዝራ የአባቱን እጅ ወረሰ እንጂ እግራቸውን አልወረሰም። ይበር ነበር። ሁለት መኪና መሐል ክፍተት ካየ፣ ክፍተቱ ለእሱ የተተወ ይመስለዋል። ታክሲ ተራ ላይ የቆሙ ሠራተኞች ሌላ ሚኒባስ እየለቀቁ እሱን ይጠብቁ ነበር። «ንፋሱ መጣ!» ይባላል፤ ሰልፉ ይነቃነቃል። ሥራ የረፈደበት ጸሐፊ፣ ፈተና የደረሰበት ተማሪ፣ ሱቅ መክፈት ያለበት ነጋዴ ሁሉ በእሱ ምሏል። አንዳንዴ አንዲት አሮጊት «ኧረ ቀስ በል ልጄ፣ የጫንከው ነፍስ ነው» ካሉ፣ «እማማ፣ ነፍስ ስለሆነ እኮ ነው ሳይቀዘቅዝ የማደርሰው» ይላል። መኪናው በሳቅ ይሞላል። አሮጊቷም መስቀላቸውን ይጨብጣሉ።

ጋሽ ወልደሥላሴ ይህን ያውቁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከእኩዮቻቸው ጋር ማኪያቶ ይዘው በተቀመጡበት፣ አላፊ አግዳሚው «ጋሼ፣ ልጅዎ እኮ ይበራል!» ሲላቸው ፈገግ ይላሉ። አይደሰቱም ማለት አይቻልም። ሽማግሌ ሆኖ፣ ከሥራ ወጥቶ፣ በልጅ ስም መጠራት ደስ ይላል።

አንድ ጠዋት ለዓይናቸው አራት ኪሎ ወዳለ ክሊኒክ መሄድ ነበረባቸውና የልጃቸውን ታክሲ ተሳፈሩ። ዕዝራ ጋቢና አስቀመጣቸው። ረዳቱ ሚናስ የዕዝራ የልጅነት ጓደኛ፣ እሳቸው ቤት ብዙ ምሳ የበላ ሰው ነው፤ በሩን ዘግቶ «ሳበው!» አለ። ቁልቁለቱን ሲይዙ ጋሽ ወልደሥላሴ እግራቸው በራሱ ጊዜ የሌለ ፍሬን መርገጥ ጀመረ።

ከድልድዩ በላይ ካለው ዜብራ ላይ አንድ ላዳ ቆማ እግረኛ ታሳልፋለች። ዕዝራ ፍጥነቱን አልቀነሰም። መሪውን ወደ ግራ ሰበር አደረገና ላዳዋን ታክኮ አለፈ። ከላዳዋ ፊት ለፊት ጄሪካን የያዘች ሴት ብቅ ስትል፣ ሚኒባሱ በአፍንጫዋ ሥር አልፎ ሄደ። ሴትየዋ ወደ ኋላ ተንደረደረች። ጄሪካኑ ወድቆ ሲንከባለል በስፖኪዮ ታየ።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ንፋሱ! ገላገልከን!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ።

ጋሽ ወልደሥላሴ «አቁም» ሊሉ ፈለጉ። አንተ ልጅ፣ አሁን ውረድና ያቺን ሴት ይቅርታ ጠይቅ፣ መሪው የእጅህ አይደለም ሊሉ ፈለጉ። ሰው ሁሉ ግን ልጃቸውን እያሞገሰ ነው። በሰው ፊት ማዋረድ ሆነባቸው። የበሩን እጀታ ጨብጠው ዝም አሉ። አራት ኪሎ ሲወርዱ ብቻ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው፣

«ልጄ፣ ቀስ እያልክ» አሉት።

«አባዬ፣ በላዳ ፍጥነት ዳቦ አይበላም» አለና ጉንጫቸውን ስሞ ሄደ።

ማታ እትዬ አልጋነሽ «የልጄ አነዳድ እንዴት ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ደህና ነው፤ እጁ ጥሩ ነው» ብለው መለሱ።

ብዙም ሳይቆይ፣ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ባበራ ጠዋት፣ ሚናስ እየሮጠ ግቢያቸው ገባ። ጫማው ጭቃ፣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ጋሼ… ዕዝራ… ፍሬን እምቢ ብሎት…»

«ሞተ?» አሉ እትዬ አልጋነሽ፣ የያዙትን ሰፌድ እንደያዙ።

«አይ፣ እሱ ደህና ነው። እሱ ምንም አልሆነም።»

እትዬ አልጋነሽ «ተመስገን!» ብለው መሬት ሳሙ። ጋሽ ወልደሥላሴ ግን ሚናስን አተኩረው ያዩት ነበርና፣ ነገሩ የሚመሰገንበት እንዳልሆነ ገባቸው።

የሆነው ይህ ነው። ዕዝራ ከሌላ ሚኒባስ ጋር እየተሽቀዳደመ ቁልቁለቱን ወረደ። ጋቢና የነበረው ተሳፋሪ «እሱን እለፈው በናትህ፣ ረፍዶብኛል» እያለ ይወተውተው ነበር። ዜብራው ላይ አንድ ትልቅ የከተማ አውቶቡስ ቆሟል። አውቶቡሱ ለምን እንደቆመ ዕዝራ አልጠየቀም። እንደለመደው ወደ ግራ ሰበረ። ከአውቶቡሱ ፊት አንዲት ልጅ ወጣች። መሬቱ እርጥብ ነበር።

ልጅቷ መይሙና ትባላለች። ፒያሳ የጨርቅና የሙሉ ልብስ ሱቅ ያላቸው የአቶ የሲን ልጅ ናት። ነርስነት ተምራ ልትጨርስ ነበር። ጋሽ ወልደሥላሴ አባቷን በደንብ ያውቋቸዋል፤ በዓል ሲደርስ ሸሚዝ የሚገዙት ከእሳቸው ነው፤ በሱቁ በር ሲያልፉ «እንዴት ዋልክ የሲን» ሳይሉ አልፈው አያውቁም። ልጅቷንም ዩኒፎርም ለብሳ ባንኮኒው ጥግ ስታጠና አይተዋታል።

ጋሽ ወልደሥላሴ ቦታው ሲደርሱ ልጅቷን አንስተዋታል። ሐኪም ቤት ሳትደርስ አረፈች። ሚኒባሱ መንገዱን አግድሞ ቆሞ፣ መስታወቱ እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። ትራፊኮች በሜትር ይለካሉ። ከአውቶቡሱ ወርዶ ዳር ላይ የተቀመጠው ሾፌር ራሱን ይዞ «እኔ ቆሜላት ነበር፣ እኔ እለፊ ብያት ነበር» እያለ ያለቅሳል። ዕዝራ ፖሊስ መኪና ላይ ተቀምጦ እጁን ያያል።

ሚናስ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው፣ «ፍሬን ነው! ፍሬን እምቢ ብሎት ነው!» ይላል። ዕዝራም ለፖሊስ የሰጠው ቃል ያው ሆነ።

ያ ቃል ሌላ ሰው ቤት ገባ። የሚኒባሱን የፍሬን ሸራ በቅርቡ የቀየረው ፍትዊ ነው። ፍትዊ ከውቤ በረሃ ጀርባ ጠባብ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ የጋሽ ወልደሥላሴን ላዳም ስንት ዓመት ጠግኗል። ከሥራው ላይ አንስተው ወሰዱት። ሚስቱ ሕፃን ታቅፋ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ስትውል፣ መኪናቸውን እሱ ጋ ያቆሙ ሰዎች እየመጡ ጎትተው ወሰዱ። «ፍሬን የማያውቅ መካኒክ» ተባለ።

ጋሽ ወልደሥላሴ ምሳ ይዘው ጣቢያ ሄዱ። ዕዝራ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

«ፍሬኑ ምን ሆነ?» አሉት።

«እምቢ አለኝ አልኩህ እኮ አባዬ።»

«ስትረግጠው ወለሉ ድረስ ገባ? ወይስ ደነደነ?»

ዕዝራ የምሳ ዕቃውን ከእጃቸው ተቀበለ። ፖሊሱ ሰዓት ደረሰ አለ። ዕዝራ ሲገባ ዞር ብሎ «እማዬን አደራ» አለ።

ሐዘኑ ትንሽ ሲበርድ፣ እንደ አገሩ ወግ ሽማግሌ መላክ ነበረበት። የሰፈሩ ቄስ፣ ከአቶ የሲን ወገን አንድ ሼህ፣ የጋሽ ወልደሥላሴ የቅርብ ጓደኛ ወርቅ ሠሪው አስገዶም ተመረጡ። አስገዶም አንደበተ ርቱዕ ነው። መንገድ ላይ ጋሽ ወልደሥላሴን ክንዳቸውን ይዞ፣

«አንተ ብቻ 'ፍሬን ነው' በል» አላቸው። «ብረት ከዳው ማለት የአምላክ ሥራ ነው ማለት ነው። በአምላክ ሥራ ማን ይቀየማል? የሲን ልቡ ይርሳል። እርቅ ከወረደ ፍርድ ቤቱም ያቀልለታል።»

«ፍትዊስ?»

«ፍትዊ ጠበቃ ያቆማል። አንተ አንድ ልጅህን አስብ፣ አልጋነሽን አስብ።»

የአቶ የሲን ቤት ጸጥ ብሏል። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ በፍራሽ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ መጋረጃ በለየው ክፍል ውስጥ ናቸው። ጋሽ ወልደሥላሴ በር ላይ ድንጋይ አንገታቸው ላይ አድርገው ተንበረከኩ። አቶ የሲን ራሳቸው ተነሥተው ድንጋዩን አወረዱላቸውና «ይነሡ፤ እርስዎ ለእኔ አባት ነዎት» አሏቸው። ይህ ነገር ጋሽ ወልደሥላሴን ከስድብ ይበልጥ ጎዳቸው።

አስገዶም ያማረ ንግግር አደረገ። ቄሱም ሼሁም ተናገሩ። አቶ የሲን እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣

«እኔ ብዙ ነገር አልጠይቅም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ልወቅ። ልጄን የገደላት ብረት ነው ወይስ ሰው? ብረት ከሆነ ቀደር ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፣ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ። ልጁም ይማርልኝ ብዬ ለፍርድ ቤቱ እናገራለሁ። እርስዎን አውቅዎታለሁ፤ ሐሰት አይናገሩም። በሚያምኑበት በጊዮርጊስ ይማሉልኝና ይብቃን።»

ሁሉም ወደ ጋሽ ወልደሥላሴ ዞረ። አስገዶም በክርኑ ነካ አደረጋቸው።

ጋሽ ወልደሥላሴ ተነሥተው ቆሙ። በኋላ ለአስገዶም እንደነገሩት፣ በዚያች ሰዓት ለመማል ቆርጠው ነበር። አፋቸውን ሲከፍቱ የመጣላቸው ግን ሌላ ነው።

«አልምልም» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ተነቃነቀ።

«ያን ቀን እኔ አልነበርኩም። ከዚያ በፊት ግን ጋቢናው ላይ ነበርኩ። በዚያው ቁልቁለት፣ በዚያው ዜብራ፣ የቆመ መኪና በግራ አልፎ ሴት ሊገድል ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ያን ጊዜ ፍሬኑ ደህና ነበር። እሱ አልረገጠውም እንጂ። ፍትዊ በከንቱ ነው የታሰረው። ልጄ እንደዚያ ሲነዳ አይቼ ዝም አልኩ የሲን። ሰው ያሞግሰው ነበርና ዝም አልኩ።»

አቶ የሲን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ማንም ቃል ከመናገሩ በፊት መጋረጃው ተገለጠ። የመይሙና እናት ኡሙሀኒ ነበሩ። ነጠላቸውን እንደተከናነቡ ቆመው ጋሽ ወልደሥላሴን አዩአቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አይተው ዝም አሉ?»

ጋሽ ወልደሥላሴ አንገታቸውን ደፉ።

«ያኔ አንድ ቃል ቢናገሩት ኖሮ» አሉ ኡሙሀኒ፣ «እኔ ዛሬ ከልጄ ጋር ምሳ እበላ ነበር።»

መጋረጃውን መልሰው ገቡ። ከውስጥ የሴቶቹ ልቅሶ ተነሣ። አቶ የሲን «ሂዱ፤ በሰላም ሂዱ» ብለው እስከ በር ሸኟቸው። እርቁ በዚያው ፈረሰ።

ጋሽ ወልደሥላሴ በማግሥቱ ጣቢያ ሄደው ያንኑ ቃል ለመርማሪው ሰጡ። በኋላ የመጣው የመኪና ምርመራ ውጤትም ፍሬኑ ጤነኛ እንደነበር አረጋገጠ። ፍትዊ ተፈታ። ሲወጣ በር ላይ ተገናኙ። ጋሽ ወልደሥላሴ እጃቸውን ዘረጉለት። ፍትዊ እጁን ሰጣቸው፣ ግን አልጨበጠም።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። «ስሜን ግን ማን ይመልስልኝ?»

ጋራዡ ከዚያ በኋላ አልቀናውም። ዘግቶ ሌላ ሰፈር ለሰው ተቀጥሮ መሥራት ጀመረ።

ሚናስ የሐሰት ቃል በመስጠቱ ትንሽ ታስሮ ወጣ። ዕዝራ ረዘም ያለ እስራት ተፈረደበት። ዳኛው በፍጥነት ማሽከርከሩን፣ እግረኛ የሚያሳልፍ መኪና መቅደሙን፣ ከዚያም ጥፋቱን በሌላ ሰው ላይ ማላከኩን ዘርዝሮ አነበበ። እትዬ አልጋነሽ ችሎቱ ውስጥ ራሳቸውን ሳቱ። ውጭ ወስደው ውሃ ሲረጩባቸው ነቁ፤ የመጀመሪያ ቃላቸው ለባላቸው ነበር።

«ልጄን ሸጥከው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር እንደ ጎረቤት ሆኑ። እሑድ እሑድ እትዬ አልጋነሽ ምግብ ሠርተው ብቻቸውን እስር ቤት ይሄዳሉ። ጋሽ ወልደሥላሴ ሌላ ቀን መርጠው ይሄዱ ነበር። ዕዝራ ግን «አባትህ መጥተዋል» ሲባል አይወጣም። እሳቸውም ይዘው የሄዱትን ሙዝና ሳሙና ለዘበኛው ሰጥተው ይመለሳሉ። ደግሞ ይሄዳሉ።

በመሐሉ ሰፈሩ ፈረሰ። ዶሮ ማነቂያ ሜዳ ሆነ። ሰው በየፊናው ተበተነ፤ እነ ጋሽ ወልደሥላሴም ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። ጋሽ ወልደሥላሴ ግን ፒያሳን መተው አቃታቸው። አንዳንዴ በሁለት ታክሲ ተንገላተው ይመጡና አዲሱ ሰፊ አስፋልት ዳር ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ይቀመጣሉ። መንገዱ ያምራል። መስታወት ይመስላል። መኪኖቹ ከቀድሞው ይበልጥ ይበራሉ። በሞራ በተጋረደ ዓይናቸው የሚያዩት ቀለም ሲወነጨፍ ብቻ ነው።

በታክሲም ዝም ብለው መሄድ ተዉ። ሾፌሩ ከፈጠነ ይናገራሉ። «ልጄ፣ ቀስ በል፤ ካልሆነ አውርደኝ» ይላሉ። አንዳንዱ ይሰማቸዋል። አንዳንዱ «ፋዘር፣ ላዳ ይያዙ!» ብሎ ይስቃል፤ ተሳፋሪውም አብሮ ይስቃል። አንድ ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ በዝናብ አውርደዋቸው ሄደዋል። ጃኬታቸው እስኪጨመቅ በስብሰው፣ እየተንቀጠቀጡ ቤት ሲገቡ እትዬ አልጋነሽ አዩአቸው፤ ደረቅ ሹራብ ወንበር ላይ አስቀመጡላቸውና ወደ ጓዳ ገቡ።

ከዓመታት በኋላ አስገዶም ስልክ ደወለ። ዕዝራ በጠባዩ የተመሰገነ እስረኛ መሆኑን፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር እርቅ ከወረደ ይቅርታ ሊደረግለት እንደሚችል ሰምቷል። አቶ የሲንን አነጋግሯቸው ነበር። አቶ የሲን ለዘብ ብለዋል። «የእኔ ልብ ደክሟል፤ ልጁም ይውጣ» ብለዋል። የቀሩት ኡሙሀኒ ናቸው። አልፈቀዱም።

«ሽማግሌ ጨምረን እንሂድባት» አለ አስገዶም። «በር ላይ እንደር። ሴት ናት፣ አልጋነሽ ሄዳ እግሯ ላይ ብትወድቅ እምቢ አትልም።»

ጋሽ ወልደሥላሴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገው ነበር፤ ዓይናቸው ስለማያይ እንደዚያ ነው የሚያናግሩት። እትዬ አልጋነሽ ምድጃው አጠገብ ቆመው ይሰማሉ።

ጋሽ ወልደሥላሴ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉ።

«አትሂዱባት» አሉ።

«ምን አልክ?»

«አትሂዱባት አልኩ። እሷ በር ላይ የምናድር እኛ ማን ነን? እኛ ልጃችን ይወጣል ብለን ቀን እንቆጥራለን፤ እሷ ምን ትቆጥራለች? ይቅር ካለች በራሷ ጊዜ ትበል። ካላለች መብቷ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ጋሽ ወልደሥላሴ ሚስታቸው እንደሚጮኹባቸው ጠበቁ። እትዬ አልጋነሽ አልጮኹም። ምድጃውን አጠፉ። ወንበር ስበው ተቀመጡና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ፤ ሲያለቅሱም «እኔኮ ያን ቀን 'ተመስገን' ብዬ መሬት ስሜአለሁ» ይሉ ነበር። «የሰው ልጅ ወድቃ፣ እኔ ተመስገን አልኩ።»

የሚቀጥለው እሑድ ሁለቱም አንድ ላይ ሄዱ። ዕዝራ እናቱን ሊያገኝ ወጥቶ አባቱን አየ። ሊመለስ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ወደ አጥሩ ቀረበ። ፀጉሩ ከፊት ሸሽቷል። ከሲቷል።

ጋሽ ወልደሥላሴ ነገሩን አልሸፋፈኑም። የይቅርታው በር ተከፍቶ እንደነበርና እሳቸው ሽማግሌ እንዳይሄድ እንደከለከሉ ነገሩት።

ዕዝራ ሽቦውን ይዞ አዳመጠ። «ባለመማልህ እኔ አልተቀየምኩህም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እንዲያ ይመስልሃል፣ አይደለም? እኔ የተቀየምኩህ በዚያኛው ቀን ነው። ጋቢና ተቀምጠህ እጀታውን ይዘህ ነበር። በጎን አየሁህ። ፈርተህ ነበር። 'አሁን ይቆጣኛል' ብዬ ጠበቅኩ። ዝም ስትል፣ ልክ ነኝ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።»

«አውቃለሁ» አሉ አባቱ።

«እኔም ልጅ አልነበርኩም። በአንተ ማሳበብ አልችልም። ነዳጁን የረገጠው እግር የእኔ ነው። ልጅቷ ለአውቶቡሱ ሾፌር እጇን አንሥታ እያመሰገነችው ነበር፣ ታውቃለህ? ወደ እሱ ዞራ ነበር። ወደ እኔ አላየችም። እናቷ ብትጠይቀኝ ይሄንን ልነግራት ነው? አልችልም አባዬ። እዚሁ ልቆይ።»

እትዬ አልጋነሽ እጃቸውን በሽቦው ቀዳዳ አስገብተው የልጃቸውን ጣቶች ያዙ። ዘበኛው ሰዓት ደረሰ አለ። ዕዝራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁለቱም ጎንበስ ብሎ ተሰናበተና ገባ።

ወደ ቤት ሲመለሱ አውቶቡሱ ባዶ ነበር። እትዬ አልጋነሽ ሌላ ወንበር ሞልቶ እያለ ባላቸው አጠገብ ተቀመጡ። ኡሙሀኒ እስከ ዛሬ ቃል አልላኩም፤ የጠየቃቸውም ሰው የለም።